የትጥበቱ ጀሪካን

አያቴ ለሞታቸው ሁለት ነገር አዘጋጅተው ነበር፤ ለከፈን የሚሆን ነጭ አቡጀዲ እና ሃያ ሊትር ውሃ። አቡጀዲው በፌስታል ተጠቅልሎ ትራሳቸው ስር ነበር። ውሃው በቢጫ ጀሪካን ሆኖ አልጋቸው ስር፣ ተኝተው እጃቸውን ሲሰዱ በሚደርሱበት በኩል ይቀመጣል። ከፈን አስቀድሞ መግዛት በሰፈራችን በብዙ ሽማግሌዎች ቤት ያለ ነገር ነው። ውሃ ማስቀመጥን ግን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

ምክንያታቸውን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። በወጣትነታቸው፣ በአንድ የድርቅ ዓመት፣ አባታቸው ሞቱ። ሬሳ የሚታጠብበት ውሃ ስላልነበረ አያቴ በሁለት መዳፋቸው ንጹሕ አፈር መትተው የአባታቸውን ፊትና እጅ አበሱ። ተየሙም ይባላል፤ ውሃ ለጠፋበት የተፈቀደ ነው። ከአፈሩ ጥቂቱ በአባታቸው ጢም ውስጥ ገብቶ ቀረ። አራግፈው ሊያወጡት አልቻሉም፤ እንዳለ ቀበሯቸው።

የመስጊዳችን ሼህ፣ "ተቀባይነት ያለው ነገር ነው፣ ለምን ይጨነቃሉ?" ይሏቸው ነበር።

"አላህ እንደተቀበለው አውቃለሁ" ይላሉ አያቴ። "እኔ የምለው ስለ ጢሙ ነው።"

ቤታችን ከዴራ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ ነው። ጠዋት ወደ አሰላ በኩል ሲታይ የጭላሎ ጫፍ ደመና ለብሶ ይቆማል። እዚያ ሲዘንብ ከዚህ ሆነን እናየዋለን፤ ግራጫ መጋረጃ መስሎ ተራራው ላይ ይወርዳል፣ እኛ ጋ ግን ጠብታ አይደርስም። በመንደራችን ያለው ጉድጓድ ጥርስ የሚያበልዝ ውሃ ነበረው፤ እሱም ፓምፑ ከተበላሸ ቆይቷል። ኩሬው በበጋው መጀመሪያ ይደርቃል። ያን ጊዜ ከብቶቻችንን ደጋ ላሉ ዘመዶች እንሰዳለን፤ ቤት የሚቀሩት አንድ ፍየልና ሰው ናቸው።

ሰው የሚጠጣው ከደጋ በቦቴ የሚመጣውን ነው። ቦቴው በስምንት ቀን አንዴ ይመጣል። ለአንድ ቤት የሚሰጠው ውሃ ወረፋ ላይ ባስቀመጠው ባዶ ጀሪካን ልክ ነው። እኛ ሰባት ነበረን፤ ስድስቱ ለኑሮ፣ አንዱ የአያቴ።

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አባቴ ስለሞተ ቤቱ የሚሠራ እጅ ይፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ያወቅኩት ባገኘሁት ወረቀት ሁሉና በስልኬ ነው። የቤቱን ውሃ ማከፋፈል የኔ ሥራ ሆነ። በጋለ ምስማር እያንዳንዱን ጀሪካን በአራት ከፍዬ መስመር አወጣሁበት። ስድስት ጀሪካን ሃያ አራት መስመር ነው፤ ለስምንት ቀን ሲካፈል በቀን ሦስት። አንዱ ለመጠጥና ለወጥ፣ አንዱ ለሦስታችን፣ ለአያቴ፣ ለእናቴና ለእኔ፣ ከሶላት በፊት ለምንታጠበው ውዱእ፣ አንዱ ለቀረው ሁሉ። ምስር የታጠበበት ውሃ ሳህን ያጥባል፤ ሳህን ያጠበው ለፍየሏ ይሰጣል። የውዱእ ውሃ በሳፋ ይጠራቀምና ልብስ ይነከርበታል። እናቴ አንድ ጭልፋ እንኳን ከመስመሩ ብታልፍ አውቅባታለሁ፣ በማግስቱም አስተካክላለሁ። እሷ ትቆጣለች፤ አያቴ ይስቃሉ።

"ስሞት በእኔም ላይ መስመር እንዳታወጣ" ይሉኛል።

የእሳቸው ጀሪካን መስመር አልነበረውም። ግን ውሃ በፕላስቲክ ውስጥ ሲቆይ ይሸታል፤ ከታች አረንጓዴ ነገር ይይዛል። ስለዚህ በየሁለተኛው ቦቴ እቀይረው ነበር። ቦቴው በሚመጣበት ጠዋት የቆየውን ውሃ ለቤት እገለብጣለሁ፣ ጀሪካኑን በአመድ አጥቤ ከስድስቱ ጋር ወረፋ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከሰዓት ሞልቼ አልጋው ስር እመልሳለሁ። ባዶ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ሥራ እኮራ ነበር። ከአልጋቸው ስር ያለው ውሃ በመንደሩ ካለው ሁሉ የጠራ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ጎረቤታችን የሆኑ ሌላ ሽማግሌ፣ የአያቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ይህን አይተው እሳቸውም አንድ ጀሪካን አልጋቸው ስር አስቀመጡ። የሳቸውን ግን ማንም አይቀይረውም ነበር። አያቴ ያሾፉባቸዋል።

"አንተን እንቁራሪት ይዘው ነው የሚያጥቡህ።"

"እንቁራሪቷ እኔን ካላስጠላቻት ምን ቸገረህ?" ይላሉ ጓደኛቸው።

ቦቴው የቀረበት ሳምንት የመቀየሪያው ሳምንት ነበር። የቦቴው ሾፌር ጠዋት ደውዬለት "እየጫንኩ ነው" አለኝ። የአያቴን ጀሪካን ወደ እናቴ ገንቦ ገለበጥኩ፣ አጠብኩ፣ ሰባቱን ይዤ ወጣሁ። ስድስቱም በዚያ ቀን ደርቀው ነበር፤ ስሌቴ ሁልጊዜ ባዶ የሚያደርጋቸው ለዚያ ቀን ነው።

እስከ ስድስት ሰዓት ቆምን። ከዚያ ጀሪካኖቻችንን በተራ ትተን ጥላ ውስጥ ገባን። ሴቶቹ ይቀልዱ ነበር።

"ሙሽራው ዛሬ አርፍዷል።"

"ሌላ ቤት ገብቶ ይሆናላ!"

"ይግባ፣ ብቻ የተረፈውን ያምጣ።"

አሥር ሰዓት ላይ ስደውል ሾፌሩ መኪናው ዳገት ላይ እንደተበላሸ፣ ዕቃ ከአዳማ እስኪመጣ እንደሚቆም ነገረኝ። መቼ እንደሚጠገን አያውቅም። ማታ ሰባት ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ የነበረን ገንቦው ውስጥ ያለችው የአያቴ ሃያ ሊትር ብቻ ነበረች። በቀን አንድ መስመር ያህል አደረግኳት፤ ለአራት ቀን። ሦስታችንም፣ አያቴም ሳያውቁ፣ እሳቸው ሲሞቱ የሚታጠቡበትን ውሃ መጠጣት ጀመርን።

በማግስቱ አያቴ አልተነሱም። ጉልበታቸው ከከዳቸው ሰንብቶ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ከሰዓት በኋላ እጃቸውን ወደ አልጋው ስር ሰደዱ።

"ጀሪካኔ የታለ?"

"አጥቤው ደጅ ፀሐይ ላይ ነው፣ አካኮ" አልኩ። አካኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

"ሙላልኝና መልሰው። አሁን ነው የሚያስፈልገኝ መሰለኝ።"

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ውጭ ስንወጣ፣ "ንገራቸው" አለችኝ። "የሚሆነውን ያውቃሉ። ቦቴ ቀረ ማለት ምን ነውር አለው?"

ልነግራቸው ወደ በሩ ሄጄ ነበር። እጃቸው እንደተንጠለጠለ፣ ባዶውን ቦታ እየዳበሰ አየሁት። ተመለስኩ።

የጎረቤታችንን ሽማግሌ ጀሪካን አስቤዋለሁ። እንዳለ ነበር። ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ምራታቸው እንኳን ሕፃን ይዛ ያንን ውሃ አትነካም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ እናቴ እንጨት ለቀማ ስትሄድ ወንፊት ይዤ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረድኩ። ከመሃሉ ደቃቅ አሸዋ ነፋሁ። ጠጠር ከገባ በአንገቱ አያልፍም፣ ደግሞም ሲነኩት ይንኳኳል ብዬ ሁለት ጊዜ ነፋሁት። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ በጀሪካኑ አፍ ሰካሁና ሞላሁት። አሸዋ ከውሃ ስለሚከብድ እስከ አፉ አልሞላሁም፤ ሌላ ጊዜ ሙሉ ጀሪካን ስሸከም ክንዴ የሚያውቀው ክብደት ላይ ሲደርስ አቆምኩ። ክዳኑን አጠበቅኩ። ከውጭ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፤ ቀዝቃዛ እርጥበት እንዲይዝ።

አልጋው ስር አስገባሁት። አያቴ በጣቶቻቸው እጀታውን ያዙ፣ ትንሽ ገፋ አደረጉ፣ አልንቀሳቀስ አላቸው።

"ቦቴው መጣ እንዴ?"

"መጣ፣ አካኮ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና ተኙ።

ሐሳቤ ለአንድ ቀን ብቻ ማታለል ነበር። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አንዱን ባዶ ጀሪካን ይዤ ወደ ዴራ ወጣሁ። በቤቱ ያለው አንድ ስልክ የኔ ነው፤ የቦቴው ሾፌር ቢደውል ብዬ ለእናቴ ተውኩላት። ከዴራ በሚኒባስ አሰላ ገባሁ። አሰላ በቀን ሥራ ሳለሁ የተከራየሁባቸው፣ ትንሽ ሱቅ ያላቸው እናት ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ አላቸው። እሳቸው ጋ ሄድኩ።

"ከዚያ ድረስ ውሃ ፍለጋ? አይ የናንተ ነገር!" አሉ። "እኛም በፈረቃ ነው፤ የኛ ሰፈር ነገ ጠዋት ነው። ግን በርሜሉ ውስጥ አለ፣ ቅዳ።"

የበርሜሉን ክዳን አንስቼ አየሁ። ውሃው ላይ የዝገት ቅባት ይንሳፈፍ ነበር። በጣሳ ቀድቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ ቡናማ ነገር ታች ረጋ።

"ነገ ከቧንቧው ብቀዳ ይሻላል" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ይኼንን ነው የምጠጣው። ሞትኩ?"

"ለመጠጥ አይደለም፣ እናቴ። ለሬሳ ነው።"

አማተቡ። "ታዲያ ለሬሳ ይሄ አነሰ?" አሉ። ግን አላስገደዱኝም። ሱቃቸው ውስጥ ጆንያ ላይ አደርኩ።

ቧንቧው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። የመጀመሪያውን ቀይ ውሃ አሳለፍኩ፣ ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩ፣ ሞላሁ። ወደ መነኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ጀሪካኑን አይቶ ጮኸ።

"ወንድም፣ ይሄ ሰው ነው እንዴ ወንበር የሚይዘው?"

"እግሬ መሃል አስቀምጠዋለሁ።"

"ጠላ ነው?"

"ውሃ ነው።"

"ውሃ!" ብሎ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። "ሰው ከአሰላ ድንች ይዞ ይወርዳል፣ ይሄ ውሃ ይዞ ይወርዳል።" ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ኢቴያ ቆሞ ሰው እስኪሞላ ጠበቀ፤ ስልክ ስላልነበረኝ የቆየበትን ጊዜ አላውቅም።

ከዴራ በእግሬ ጀሪካኑን ከትከሻ ትከሻ እያቀያየርኩ ወረድኩ። መንደሩ ስደርስ ጥላው ረዝሟል። የቤታችን ደጃፍ ላይ ሰሌን ተነጥፎ ሰዎች ተቀምጠዋል። ማንም መንገር አላስፈለገውም።

አያቴ የሞቱት ያን ቀን ንጋት ላይ ነው፤ የተቀበሩት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ።

እናቴ ጀሪካኑን ከትከሻዬ አወረደች። ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነውን ነገረችኝ። ሬሳውን ለማጠብ ሼሁና ጎረቤታችን ሽማግሌ ገቡ። እሷ ሴቶች ጋ ስለነበረች አልጠየቋትም። ጀሪካኑ የት እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጓሮ በሰሌን ከለል አድርገው፣ ሳፋ አስቀምጠው፣ ሽማግሌው ጀሪካኑን ዘቀዘቁት። አሸዋ ፈሰሰ።

"እኔ ጩኸት እጠብቅ ነበር" አለች እናቴ። "ሽማግሌው ግን ማልቀስ ጀመሩ። 'አያችሁት?' አሉ። 'ውሃውን ለልጆቹ ትቶ ለራሱ አፈር አዘጋጅቶ ነበር። ነፍቶታል እኮ! አንድ ጠጠር የለበትም።' ሼሁም እጃቸውን አሸዋው ውስጥ አስገብተው አዩት። ንጹሕ ነው አሉ። በእሱው አበሷቸው።"

"አንቺ ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ? ልጄ አሸዋ ሞላበት ልበል?"

ወደ ደጅ ስመለስ ሰዎቹ ተራ በተራ ያቅፉኝ ነበር። ሼሁ ለተሰበሰበው ሰው እየተናገሩ ነበር፤ ሕይወት ያለው ከሞተው ይቀድማል፣ እኚህ ሰው ይህን አውቀው በዝምታ አደረጉት ይላሉ። አዛውንቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አያቴ በሕይወታቸው እንደዚያ ተመስግነው አያውቁም። ተቀምጬ ሰማሁ። ያመጣሁትን ውሃ እናቴ ለለቅሶተኛ ሻይ አፈላችበት። አንድ ብርጭቆ ለእኔም ሰጠችኝ፣ ጠጣሁት።

በማግስቱም ቦቴው አልመጣም። ረፋድ ላይ ጎረቤታችን ሽማግሌ የራሳቸውን ጀሪካን እየጎተቱ ወደ ቤታችን መጡ። ለቅሶተኛው ገና ስላልተሰበሰበ ደጅ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ከበሩ አጠገብ አቁመውት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ለለቅሶ ቤት ነው" አሉኝ። "ትንሽ ይሸት ይሆናል። ሲፈላ ይለቃል።"

"ይሄ የእርስዎ ነው፣ አባባ። ለእርስዎ ይሁን።"

"ከአያትህ በልጬ ነው?" አሉ። "አርባ ዓመት ስለ አባቱ ጢም ሲያወራኝ ኖሮ፣ ማንም ሳያየው ለራሱ አፈር ነፋ። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም በአፈር እታበሳለሁ፣ ምን አለበት? ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። ዓይኑ ደክሞ፣ እንዴት አንድ ጠጠር ሳይቀርበት ነፋው?"

መልስ እየጠበቁ ያዩኝ ነበር።

"እሳቸው አልነፉትም" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። በመቀየሪያው ቀን እንደገለበጥኩት፣ ቦቴው እንደቀረ፣ አያቴ እጃቸውን ሲሰዱ ባዶ እንዳያገኙ አሸዋ እንደሞላሁ፣ "ቦቴው መጣ" ብዬ እንደዋሸሁ፣ የበርሜል ውሃ አንሶብኝ አሰላ እንዳደርኩ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን አንድ ጊዜ ወጋ አደረጉ።

"ውሃ አለኝ ብሎ ነው የሞተው?"

"አዎ።"

"እጁን አንስቼ በአሸዋ ሳብሰው..." አሉና አቆሙ። "ሰማህ? ጀሪካኑን ባዶ ሆኖ ባገኘው ኖሮ፣ የኔን አመጣ ነበር። ቤቴ ምን ያህል ይርቃል? ሃያ እርምጃ ነው። ውሃ አለቀበት ብዬ የኔን አመጣ ነበር። አሸዋውን ሳይ ግን ምርጫው ነው ብዬ ተውኩት።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጉድለቱን ሁሉ በመስመር ለክቼ፣ ባዶ ጀሪካን ለሌላ ሰው ምን እንደሚነግር አልለካሁም።

"ለምን ነገርከኝ?" አሉ፤ ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም። "ዝም ብትል እኔ ይሄን ውሃ ሰጥቼ በደስታ እሄድ ነበር።"

"በውሸት ተታለው እንዲሰጡ አልፈለግኩም።"

"አሁንስ?"

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"አንሳው" አሉኝ። "ወደ ቤቴ መልስልኝ። በአፈር መታበስ አልፈልግም። ያንተ አያት አልፈለገም፣ እኔም አልፈልግም።"

ጀሪካኑን ተሸከምኩ። ከኋላዬ በቀስታ ይከተሉኝ ነበር። ግቢያቸው ስንገባ ምራታቸው ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠዋት ውሃው ለለቅሶ ቤት ሲወጣ አይታለች፤ ተርፎ የተመለሰ መስሏት ብድግ አለች፣ ወደ ውስጥ ሮጣ ድስት ይዛ ወጣችና መንገዴ ላይ ያዘችልኝ። የድስቱ ታች ነጭ ሆኖ ደርቋል።

አማቷ አላስቆሙኝም። እኔም አልቆምኩም። በአጠገቧ አልፌ ገባሁና ጀሪካኑን አልጋቸው ስር፣ በግድግዳው በኩል ገፋሁት።